የዳቦ ጋጋሪው ዓሦች

ዳቦ ጋጋሪውን ሰፈርተኛው ሁሉ «ትኩሱ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ዳቦው ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ጠባዩ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ዳቦውስ ከምድጃ ወጥቶ ጥቂት ቆይቶ ይበርዳል፤ እሱ ግን ሃምሳ ዓመት አልፎትም ገና አልበረደም።

ይህ ሰው ብዙ ነገር አይፈራም፤ እህል ግን ይፈራል። አባቱም ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ መሬት የወደቀ ቁራሽ ካዩ ጎንበስ ብለው አንስተው፣ አራግፈው፣ የሰው እግር ከማይደርስበት የሚያስቀምጡ ዓይነት ሰው። «እህል ከቆሻሻ ጋር የሚደፋ እጅ፣ እህል አጥቶ ይሞታል» ይሉ ነበር። ልጅየው ከዳቦ ቤቱ ጋር ይህችንም ቃል ወረሰ። ስለዚህ ሳይሸጥ የቀረ ዳቦ ቆሻሻ ገንዳ ገብቶ አያውቅም።

ታዲያ የት ይገባል? ሐይቁ ውስጥ ነዋ!

ዳቦ ቤቱ ፊቱን ለመንገድ፣ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ የተሠራ ነው። በምድጃው ክፍል ኋላ ባለችው ጠባብ በር ሲወጡ ማቡኪያዎቹ የሚታጠቡበት የሲሚንቶ ወለል አለ፤ ሊጥ ያነጣው እጣቢ በቱቦ ቁልቁል ይወርዳል። ከወለሉ ቀጥሎ እስከ ውሃው የሚያደርስ የድንጋይ ደረጃ ነው። ትኩሱ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሽርጡን ሳይፈታ፣ ያደረውን ዳቦ በጆንያ ይዞ ይወርድና እየቆረሰ ለዓሣና ለዳክዬ ይበትናል። እንዲህ እያለ ዓመት ዓመትን ወለደ። ዓሦቹ ኮቴውን ለዩት። የመጨረሻውን ድንጋይ ሲረግጥ ውሃው ይፈላል፤ የሚታየው አፍ ብቻ ይሆናል። «ከወለድኳቸው ልጆች ይልቅ እነዚህ ያከብሩኛል» እያለ ይስቃል። ከዚያ ምጽዋት እንደሰጠ ሰው ደስ ብሎት ወደ ምድጃው ይመለሳል።

ከደረጃው አጠገብ፣ ሐይቁ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ እንደ ኪስ በሆነበት ቦታ፣ የታላቅ እህቱ ጀልባዎች ይታሰሩ ነበር። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ልጃገረድ፣ እሱ ደግሞ አፍንጫውን መጥረግ የማያውቅ ሕፃን ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነው የምትለው። እሱም «እትዬ» ይላታል፤ በእሷ ፊት ያ ሁሉ ትኩስነቱ ለብ ይላል። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በጀልባዎቹ ነው፤ በዕረፍት ቀን ፍቅረኛሞችና ልጆች የያዙ ሰዎች ለሽርሽር ይከራዩዋቸዋል።

አንድ በጋ ላይ ውሃው አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ ሳሳ ያለ ነበርና ሰዉ «አማረበት» አለ። ከዚያ ወፈረ። ላዩ ላይ እንደ ቆየ ቀለም ተጋገረ፤ መቅዘፊያ ቢነክሩበት ተለጥፎ ይወጣል። ቀጥሎ ሽታው መጣ። አቤት ሽታ! መስኮት ዘግቶም አይቻል። በመጨረሻም ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ዳር ዳሩን መታየት ጀመሩ። የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው ገመድ ወጠሩና «ወደ ውሃው መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተከሉ። ጀልባዎቹ ከውሃ ወጥተው ተገለበጡ። እህቱ በአንደኛው ጀርባ ላይ ተቀምጣ፣ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ውሃውን ስታይ ትውላለች።

ትኩሱ ነደደ።

«እትዬ፣ ይህን ያደረገውን ሰው አንገቱን ይዤ ካላመጣሁልሽ ወንድምሽ አይደለሁም!»

«አንተ ልጅ፣ ምናለ ቀስ ብትል?»

ቀስ? ትኩሱና ቀስ የት ተዋወቁና!

የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበርም እሱ ነበርና ጣቱን ለመቀሰር የሚከለክለው አልነበረም። የቀሰረውም ባለላሙ ላይ ነው። ባለላሙ በሐይቁ ታችኛው ጫፍ ጥቂት የወተት ላሞች የሚያረባ፣ ሲናገርም ሲራመድም የማይቸኩል ሰው ነው። አፉን በከፈተ ቁጥር «ቆይ» ብሎ ስለሚጀምር «አቶ ቆይ» ብለው ሰይመውታል። ከዚህ ቀደም አንድ ቀን ዳቦ ቤት መጥቶ፣ «ቆይ፣ ያደረ ዳቦ ካለህ ለላሞቼ ብወስደውስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ትኩሱ ሰው በተሰለፈበት፣ «የሰው እህል ለከብት? አንተ ሰውዬ ነውር አታውቅም?» ብሎ አሸማቆ መለሰው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ያንኑ ዳቦ ለዓሣ በተነው። ዓሣ ከብት አይደለማ! ሰው ራሱን ሲሸነግል እኮ ማን ይቆጣጠረዋል።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። ወንበር ጠቦ ሰው በየግድግዳው ቆሟል። ትኩሱ መድረኩ ፊት ወጣ፤ ድምፁ እንደሆነ ማጉያ አይፈልግም።

«ፍግ የገባበት ውሃ ይሞታል! ይህን የማያውቅ አለ? ጥፋተኛው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል። ወንድ ከሆነ እዚህ፣ እኔ የቆምኩበት ይቁምና ‹ውሃውን የገደልኩት እኔ ነኝ› ይበል!»

ጭብጨባ ሆነ። ባለላሙ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ተነሣ።

«ቆይ፣ ፍጉን እኮ ጉድጓድ ቆፍሬ ነው የማጠራቅመው። ደግሞም የኔ ቦይ የሚገባው...»

«ቁጭ በል!»

«ቆይ...»

«ስንት ዘመን ነው አንተን የምንቆየው!» አለ ትኩሱ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ባለላሙ ግራ ቀኙን አየ። የሚስቁት ወተቱን ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ኮፍያውን አጥልቆ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ፣ በኮሚቴው ጥያቄ፣ በረቱ ይዘጋ የሚል ትእዛዝ ከማዘጋጃ ቤት ወጣ። የተሸጡትን ላሞች የጫነው መኪና በዳቦ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ፣ አንዷ ላም በርብራቡ መሃል አፍንጫዋን አውጥታ ጮኸች። ትኩሱ «ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው» አለና ወደ ሊጡ ተመለሰ።

ላሞቹ ሄዱ፤ ውሃው ግን አልጠራም። እንዲያውም ባሰበት። ትኩሱ አሁንም ማዘጋጃ ቤት እየተመላለሰ «ባለሙያ ይላክልን!» ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ። አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል ይባላል።

ባለሙያዋ መጣች። የጎማ ቦት የተጫማች፣ ጠርሙሶች የተደረደሩበት ሳጥን ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ናት። ኮሚቴው፣ እህቱ፣ ሥራ የፈታው ባለላሙ፣ ወሬ የናፈቀውም ሁሉ ተከተላት። ከታችኛው ጫፍ ጀመረች።

«ይሄ የማን ቦይ ነው?»

«የባለላሙ ነበር። አዘግተነዋል» አለ ትኩሱ ደረቱን ነፍቶ።

ልጅቷ ቦዩን አየች፤ ዞር ብላ ሐይቁ ወደ ወንዙ የሚወጣበትን አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚገባው ከሐይቁ መውጫ በታች ነው። ወንዙን አይጎዳም አልልም። ግን ወደ ጀልባዎቹ እንዴት ይደርሳል? ውሃ ሽቅብ ይሄዳል እንዴ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሁሉም በዚያ ቦይ ላይ ሲራመድ የኖረ ነው። ትኩሱ ጆሮው ጋለበት፤ ያ ሰውዬ በአዳራሹ «የኔ ቦይ የሚገባው» ብሎ የጀመረው ዐረፍተ ነገር ትዝ አለው። ቢሆንም እጅ አልሰጠም፤ ሌላ ጥፋተኛ ይገኛል ብሎ ቀደመ። ጀልባዎቹ ወዳሉበት ሲደርሱ ባለሙያዋ አፍንጫዋን ያዘች።

«የወፈረው እዚህ ነው። ለመቅዳት የሚመች ቦታ አለ?»

«ነይ ልጄ፣ በኔ ደረጃ እንውረድ» አለ ትኩሱ። በገዛ አፉ!

ፊት ፊት እየመራ ወረደ። የመጨረሻውን ድንጋይ ረገጠ። ያን ጊዜ ያ የሞተ የመሰለው አረንጓዴ ውሃ ተንቀሳቀሰ። ከሞት የተረፉት ዓሦች ሁሉ ንጣፉን እየቀደዱ ብቅ አሉ፤ አፋቸውን ከፍተው እግሩ ሥር ተንጋጉ።

«ጋሼ፣ ያውቁዎታል እንዴ?»

«እኔን? ከየት አውቀውኝ!» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ወዲያው አንዲት ዳክዬ እየተወዛወዘች ደረጃውን ወጣችና የሽርጡን ኪስ ትነቁር ጀመር። ቢያባርራት ተመልሳ መጣች። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ከዚያ እህቱን አዩና ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። እሷ ከቱቦው አፍ የሚንጠባጠበውን ነጭ እጣቢ እያየች ነበር።

«ምን ይሰጧቸዋል?» አለች ባለሙያዋ።

«ምንም... ትንሽ ፍርፋሪ።»

«በጆንያ ነው» አለች እህቱ። ልታዋርደው ብላ አይደለም፤ መዋሸት አታውቅበትም።

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣው በተሻለው ነበር።

«ክፋት አላሰቡም፣ ጋሼ። ግን እህል የሚበቅለው ማዳበሪያ ጠጥቶ አይደል? ያ ነገር ዳቦ ሆነ ተብሎ አይጠፋም። ዓሣው የበላውም የተረፈውም ዞሮ ዞሮ ውሃው ውስጥ ይቀራል። መሬት ላይ ስንዴ የሚያሳድገው ነገር ውሃ ውስጥ ደግሞ ይሄን አረንጓዴውን፣ አልጌውን ያሳድጋል። አልጌው ሲሞት ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል። እነዚህ ዓሦች አፋቸውን የከፈቱት ርቧቸው ብቻ አይደለም። ትንፋሽ አጥሯቸው ነው።»

ትኩሱ ዓሦቹን አየ። ስንት ዘመን ያከበሩት የመሰለው አፍ ሁሉ አየር ይለምናል።

«የእርስዎ ብቻ አይደለም። የልብስ አጣቢዎቹ ሳሙናም አለበት፤ ከላይ ከእርሻው በዝናብ ታጥቦ የሚመጣው ማዳበሪያም አለበት። ይህኛው ኪስ ግን ውሃው አይላወስም። እዚህ የገባ እዚሁ ነው የሚቀረው» አለች።

«የእርስዎ ብቻ አይደለም» የምትለዋን ቃል ለመያዝ ቀና አለ። ዓይኑ ከባለላሙ ዓይን ጋር ተጋጨ። ባለላሙ እንደሌሎቹ አልሳቀም። ለጥቂት ጊዜ አየውና ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ትኩሱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። ደንበኞቹ ቢሰድቡት ይመልስ ነበር፤ እነሱ ግን «እንዴት አደርክ? ዳቦህ ዛሬ አምሯል» እያሉ በትሕትና ይገዛሉ። ከበሩ ራቅ ሲሉ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያያል። ያደረው ዳቦ ደግሞ የሚሄድበት አጥቶ ከዱቄቱ ጎን በጆንያ በጆንያ ተቆለለ። ቆሻሻ ገንዳ ቢጥለው አባቱ ከመቃብር ይነሱበታል፤ ውሃ ውስጥ ቢጥለው ሰፈሩ ይነሳበታል። ማቡኪያ ለማጠብ ወደ ኋላ ሲወጣም ዓሦቹ ኮቴውን ይሰሙና ይመጣሉ። ስለዚህ ጫማውን አውልቆ በእግሩ ጣት መራመድ ጀመረ። እጣቢውንም በባልዲ እየቀዳ ከመንገድ ማዶ ካሉት ዛፎች ሥር ይደፋው ነበር።

እንደዚያ ጫማውን አንጠልጥሎ ሲያደባ እህቱ ከጀልባዋ ጀርባ ላይ ሆና አየችው።

«አንተ ልጅ፣ ደግሞ ከዓሣም መደበቅ ጀመርክ?»

ሊስቅ ፈለገ፤ አፉ ግን አልታዘዘውም። ባዶ እግሩን ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ... እንጀራሽን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንገቱን ይዤ አመጣልሻለሁ ያልኩሽ ሰው እኔው ሆኜ አረፍኩት።»

«ያንን ዳቦ ስትበትን እኔም እዚሁ ሆኜ እያየሁ ‹ወንድሜ ደግ ነው› እል ነበር። እኔም አላወቅኩም፤ አንተም አላወቅክም። ባለማወቅ አልቀየምህም። ጀልባ ጣውላ ነው፣ ውሃው እስኪጠራ ይጠብቃል።» ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። «የዚያ ሰውዬ ላሞች ግን አልጠበቁም። እሱን ደግሞ ባለማወቅ አይደለም የጎዳኸው። ‹ቆይ› እያለህ ነው።»

ትኩሱ አንገቱን ደፋ። እንባው እግሩ ላይ ሲወድቅ ተሰማው፤ በዚያ ዕድሜው፣ በጠራራ ፀሐይ።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ሲባል አልሰማህም? በል ጫማህን አድርግና ሂድ።»

ሄደ። አንዱን ጆንያ ተሸክሞ ሄደ፤ ባዶ እጅ መሄድ ስለከበደው ነው። በረቱ ተጠርጎ ንጹህ ሆኗል። ገመዶቹ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ግርግሞቹ ባዶ ናቸው። አንዲት ያረጀች፣ ወተቷ የነጠፈ ላም ብቻ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ገዢ ጠፍቶላት ነው የቀረችው። ባለላሙ እያሻሻት ነበር።

«ዳቦ አመጣሁ» አለ ትኩሱ፣ ጆንያውን ሳያወርድ። «ለላሟ።»

ባለላሙ ጆንያውን ተቀበለው፤ አንድ ዳቦ አወጣ፣ ሻጋታ እንዳይኖረው አገላብጦ አየ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ በመዳፉ አቀረበላት። ላሟ በላች። እጁን ሁሉ ላሰችው።

«ትበላለች። ያኔም ትበላ ነበር» አለ።

ትኩሱ ቀረብ አለ። «በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ቆይ» አለ ባለላሙ። ትኩሱ ጠበቀ። ከተዋወቁ ጀምሮ የዛሬው የመጀመሪያው ነው። «በአዳራሽ አዋርደኸኝ በጓሮ ነው ይቅርታ የምትለኝ?»

ላሟ ጆንያውን በአፍንጫዋ ትገፋለች።

በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ እንደ ገና ሞላ። የጠራው ሊቀመንበሩ ራሱ ነው፤ ሰዉም ለምን እንደሆነ ስለገመተ አንድም የቀረ የለም። ትኩሱ ያኔ የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ። ያ ማጉያ የማይፈልገው ድምፁ ግን አብሮት አልወጣም። ዓይኑን ጫማው ላይ ተክሎ አንድ ነገር አልጎመጎመ፤ ከፊት የተቀመጡት እንኳ በቅጡ አልሰሙትም። ከዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ ወደ መፍትሔው ሮጠ።

«እንግዲህ ባለሙያዋ እንደነገረችን ከሆነ ሁላችንም የድርሻችን አለ። የኔ ቱቦ ተደፍኗል፤ እጣቢው ወደ ጉድጓድ እንዲገባ ቆፍሬያለሁ። ያደረ ዳቦ ከእንግዲህ ለከብት ነው። ልብስ አጣቢዎቹ ከውሃው ራቅ ይበሉ፣ ሳሙናውም ይቀነስ። ከላይ የሚያርሱት በእርሻውና በውሃው መሃል ሣርና ቄጠማ ይተዉ፤ ማዳበሪያም ዝናብ ሊመጣ ሲል አይበትኑ። ከሥር ያለው ጭቃ ስንት ዓመት የበላውን ገና ስለሚተፋ፣ ቶሎ ይጠራል ብለን አንጠብቅ። የበረቱም ትእዛዝ እንዲነሣ ኮሚቴው...»

ወደ ድምፁ እየተመለሰ ነበር። እጁን ማወናጨፍ ጀምሯል፤ ሊቀመንበር ሊቀመንበር መሽተት ጀምሯል። አንዳንዱም ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ነው» ይላል።

«ቆይ።»

ከኋላ ነው። ባለላሙ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። አሁን የሳቀ የለም። አዳራሹ በሙሉ ቆየለት።

«ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ላይ ያልካት ነገር እዚህ አልተሰማችም። እስቲ ድገማት።»

ትኩሱ እህቱን ፈለገ። ከፊተኛው ረድፍ፣ ጎን ላይ ተቀምጣለች። ልታድነው እንደማትችል ታውቃለች፤ ግን ዓይኗን አልነቀለችበትም። ቀና አለ። በዚያ ባለላሙን ባሸማቀቀበት ድምፅ፣ ውጭ መንገድ ላይ ያለ ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ «ውሃውን የገደልኩት እኔ ነኝ!» አለ። «እሱ ‹ቆይ› ሲለኝ አፉን ዘጋሁት፤ ላሞቹንም ያስወሰድኩበት እኔ ነኝ!»

ግድግዳው ቃሉን መለሰለት። ሕፃን ልጅ የታቀፈች አንዲት ሴት እንባዋን ጠረገች፤ ያኔ አብረው የሳቁት ወለሉን ያያሉ።

ባለላሙ ኮፍያውን አጠለቀ።

«አሁን ተሰማ» አለና ተቀመጠ።